ከበሩ በስተቀኝ ያለችው ሴት

ጁን 15 ቀን 2025፣ ዳላስ

የቤንጋሎቹን በር እኔ ልሠራው ነው።

ሰላምታውን ዘለልኩት፤ ይቅርታ፣ እትዬ ዕፀ። እንደምን አለሽ? እኛ ደህና ነን። ሸዋረገድ ሰላም ትልሻለች፤ ማለቴ፣ "ሰላም ልበልልሽ?" ስላት ራሷን ነቀነቀች። ስለ ጉልበቴ ጠይቀሻል። መሰላል ላይ ካልወጣሁ አያመኝም። የምውለው ግን መሰላል ላይ ነው።

ባለፈው በስልክ ስለ አባባ ቤት ስለተናገርኩት ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ። አንቺም ጆሮዬ ላይ መዝጋት አልነበረብሽም። "ከእንግዲህ የምትለኝ ካለ ጻፈው" ብለሻል፤ ይኸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚሁ አጠገባችን፣ ሪቻርድሰን ውስጥ፣ ከሕንድ የመጡ የቤንጋሎች ማኅበር አለ። በየዓመቱ በመከር ወራት ዱርጋ ለሚሏት እናት አምላካቸው ትልቅ በዓል ያደርጋሉ፤ አዳራሽ ተከራይተው መግቢያውን የመቅደስ ፊት ያስመስሉታል። እስከ አምና ጨርቅና ካርቶን ነበር። ዘንድሮ ሊቀ መንበራቸው ሚስተር ሐልዳር የእውነቱን የሚያህል አማረው። እኔና ጥዑመልሳን ለኤግዚቢሽን የሠራነውን ዳስ አንድ ቦታ አይቶ ወርክሾፓችን ድረስ መጣ።

የሚፈልገው ግን ማንኛውንም መቅደስ አይደለም። ቅድመ አያቶቹ መንደራቸው ውስጥ ያሠሩትን ነው። እናቱ ሹሃሲኒ ይባላሉ፤ ፍሪስኮ እሱ ቤት ነው ያሉት። ልባቸው ደካማ ስለሆነ ሐኪም አውሮፕላን ከልክሏቸዋል። "አንድ ጊዜ ደርሼበት ልሙት" ይላሉ አሉ። እሳቸው መሄድ ካልቻሉ መቅደሱ ይምጣላቸው ነው ሐሳቡ።

መንደሩ ሞይናዳንጋ ይባላል፤ ባንኩራ አውራጃ። አንቺ ካለሽበት ይርቃል? ፎቶ ሰጥቶኛል፤ ሠርግ ላይ የተነሳ ነው፤ ከግድግዳው ይልቅ የአጎቱ ሆድ ይታያል። ሁሉም ጡብ ነው? ጣሪያውስ ዳርና ዳሩ ለምን ጎበጠ? ልክና ሥዕል ያስፈልገኛል። ዕድሜዋን ሙሉ የሸክላ መቅደስ ስትለካ የኖረች እህት እያለችኝ ከኢንተርኔት ልገልብጥ?

ሸዋረገድ ስነግራት ምን እንዳለች ልንገርሽ። "ሶ፣ አሁን ደግሞ የጣዖት ቤት ልትሠራ ነው? ፓስተሩ ቢጠይቀኝ ምን ልበለው?"

"በር ነው" አልኳት።

"በር ወዴት የሚያስገባ?"

መልሱን አንቺ ላኪልኝ።

ሙሉጌታ


ጁን 29፣ ቢሽኑፑር፣ ሕንድ

ሙሌ፣

እኔ ስልክ እዘጋለሁ እንጂ ደብዳቤ አልዘጋም። እንዲህ ይሻለናል፤ በደብዳቤ ማንም ማንንም አያቋርጥም። ይቅርታህን ተቀብያለሁ። የእኔን ሌላ ጊዜ።

ሞይናዳንጋን በስም አውቀው ነበር እንጂ ሄጄበት አላውቅም። ሄድኩ። በአውቶቡስ፣ ከዚያ በባጃጅ፣ ከዚያ ጫማዬን በእጄ ይዤ። ዝናቡ ገብቷል።

ለጥያቄህ፦ አዎ፣ ሁሉም ጡብ ነው። እዚህ አገር ወንዝ እንጂ ድንጋይ የለም። ጭቃ ጠፍጥፈው፣ በላዩ ሰውም ጀልባም ዝይም ቀርጸው፣ ጠብሰው ግድግዳው ላይ ይደረድሩታል። ጣሪያው ዳርና ዳሩ ለምን ጎበጠ ላልከው፣ የቀርከሃ ጎጆ ዝናቡን የሚጥለው እንዲያ ጎብጦ ነው። ጡብ ሲሠሩም ጎጆዋን አልረሷትም። ጉብጠቱን ቀጥ እንዳታደርግብኝ። አውቅሃለሁ፤ ውኃ ልክህን ታወጣለህ።

መቅደሱ ትንሽ ነው። አንድ በር አለው። ከላይ ዝይዎች ተሰልፈዋል፤ ከታች ባርኔጣ ያደረጉ ፈረንጆች ጠመንጃ ይዘው በጀልባ ይሄዳሉ። ከበሩ በስተቀኝ አንዲት ሴት የራሷን በር ገርበብ አድርጋ ቆማ ታያለች። ከሁሉም እሷን ወደድኳት።

ስለካ ስውል ሴቶቹ ኩሬው ዳር ተቀምጠው ይስቁብኝ ነበር። "ዲዲ፣ ባል የለሽም እንዴ ከዝናብ የሚያስጥልሽ?" ዲዲ እንደኛ እትዬ ማለት ነው። "ነበረኝ፣ ሞተ" አልኳቸው። ሳቁን ትተው የፈነዳ ሩዝ በሽንኩርትና በቃሪያ አሽተው አመጡልኝ። ብቻሽን ነሽ ወይ ብለህ ጠይቀኸኝ የለ? እንዲህ ነኝ።

ከኩሬው አጠገብ ሸራ የለበሰ የስሚንቶ ክምር አየሁ። ለትምህርት ቤቱ ነው አሉኝ።

ሥዕሎቹን በኩሪየር ልኬአለሁ። ፎቶዎቹ በዝናቡ ጨልመዋል፤ የማይታይህ ነገር ካለ ፎቶውን ሳይሆን ሥዕሌን እመን። ልኩ በሴንቲ ሜትር ነው፤ ወደ ኢንች ስትቀይር አትዝረክረክ።

በሩ ወዴት ያስገባል ላለችው ለሚስትህ ለሸዋረገድ፣ "ወደ አዳራሽ፣ ከዚያ ወደ ምሳ" በላት።

ዕፀገነት


ጁላይ 20፣ ዳላስ

እትዬ ዕፀ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሥዕሎቹ ደርሰዋል፤ አንዱም አልተጨማደደም። ወርክሾፑ ግድግዳ ላይ ለጠፍናቸው። ኤሲው ስለተበላሸ በሩን ከፍተን ነው የምንሠራው፤ የሠፈሩ ሰው ሁሉ እያለፈ ያያል። ትናንት ፖስተኛው ቆሞ "ምግብ ቤት ልትከፍቱ ነው?" አለን።

የምንቀርጸው ከፎም ነው፤ ዕቃ ሲታሸግ የሚጠቀጠቀው ነጭ ቀላል ነገር። በጋለ ሽቦ እንቆርጠዋለን፣ በቢላ እናወጣዋለን፣ ከዚያ የሚጠነክር ልባስ እንቀባዋለን፤ ሲደርቅ ጡብ ይመስላል። ጥዑመልሳን ጀልባ ላይ ያሉትን ፈረንጆች ወስዷል። "ይሄ ሰውዬ ከነባርኔጣው መቅደስ ላይ ምን ይሠራል?" ይለኛል።

"ታክስ ሊሰበስብ መጥቶ ይሆናላ" አልኩት።

"ታዲያ ጠብሰው ሸክላ አደረጉት በለኛ!"

በስተቀኝ ያለችውን ሴት እኔ ወሰድኩ። የሌሎቹ አፍንጫ ተሸርፏል፣ ጣት ጎድሏቸዋል፤ እሷ ግን ሙሉ ናት። የከንፈሯን ጥግ እንዴት አድርገሽ እንደሣልሽው! ለፊቷ ብቻ ቅዳሜና እሑዴን ሰጠሁ። ሸዋረገድ ምሳ ይዛልኝ መጥታ አየቻትና "ይቺማ የኛን ሰፈር ወሬኛ ትመስላለች" አለች። ከእሷ አፍ ይሄ ምስጋና ነው።

ሐልዳር መጥቶ ነበር። ቀለም እያስመረጠኝ ሳለ አንድ ነገር ተናገረ። አጣርቼ እጽፍልሻለሁ።

የአባባ ቤት ይሸጥ ወይ ብለሽ በስልክ የጠየቅሽኝን ዛሬም አልመልስም። መልሱን አጥቼው አይደለም።

ሙሉጌታ


ኦገስት 3፣ ቢሽኑፑር

ሙሉጌታ፣

ሰላምታ የለኝም።

የቀረኝን ልክ ልጨርስ ትናንት ሞይናዳንጋ ተመልሼ ሄድኩ። ስሚንቶው ለትምህርት ቤት አይደለም። የደቡቡ ግድግዳ የለም። ቆሟል፣ ግን የለም። ከላይ እስከ ታች በስሚንቶ ተለስኖ፣ ሮዝ ቀለም ተቀብቶ እንደ ባንክ ቤት ያብለጨልጫል። ባለፈው እጄን ያሳረፍኩባቸው ጀልባዎች ከሥሩ ናቸው።

ኩሬው ፊት ለፊት ሰሌዳ ተክለዋል። "በዳላስ ቴክሳስ ነዋሪ በሆነው በሐልዳር ቤተሰብ ልግስና የሚታደስ" ይላል።

"አጣርቼ እጽፍልሻለሁ" ያልከኝ ይሄንን ነበር? መልስህን ሳላየው አውቀዋለሁ። ግን ጻፈው።

እርጥበት ከመሬት ወደ ጡብ ይወጣል፤ በኖራ ተንፍሶ ይሄዳል። በስሚንቶ ስትደፍነው መውጫ ያጣል። ከዚያ ጨዉ ከውስጥ ይገፋና ሥዕሉን እንደ እከክ ያረግፈዋል። ጥቂት ክረምት ነው የሚበቃው። በኋላ ተጸጽተው ስሚንቶውን ቢፍቁት እንኳ አብሮ የሚነሳው ፊቱ ነው።

የመንደሩን ኮሚቴ ሰብሳቢ አገኘሁት። ሽማግሌ ነው፣ ጨዋ ነው፣ ሻይ አስቀዳልኝ። "ዲዲ" አለኝ፣ "እርስዎ ፎቶ አንስተው ይሄዳሉ። እኛ የምንጸልየው እዚህ ነው። ዝናቡ አምላካችን ራስ ላይ ሲያፈስ ስንት ዘመን ኖርን፤ ያኔ ማንም ሜትር ይዞ አልመጣም።"  ጣሪያው በእርግጥ ያፈስሳል። "ጣሪያውን በኖራ ጠግኑ፣ ግድግዳውን ተዉት" አልኩት። "የተሰጠን ለሁሉም ነው፤ ግማሹን ብንተው የሰጠን ሰው ምን ይለናል?" አለኝ።

መንግሥት የመዘገበው ቅርስ አይደለም፤ የቤተሰቡ ንብረት ነው። አቤት የምልበት የለም። ስወጣ ግን ሽማግሌው ተከትሎኝ መጣና "የቤቱ ታላቅ ምራት በሕይወት አሉ። እሳቸው ተዉት ካሉ፣ ድምፃቸውን በጆሮዬ ከሰማሁ፣ በዚያው ሰዓት እንተዋለን" አለኝ። ታላቋ ምራት ያንተ አሮጊት፣ ሹሃሲኒ ናቸው። ስልካቸውን ብጠይቅ የሰጡኝ የልጃቸውን ነው፤ እሱ አያነሳም።

በሩ ያለበትን የፊት ግድግዳ ለመጨረሻ አቆይተውታል። ለሴፕቴምበር።

ንገረው። ዛሬ ንገረው።

ዕፀገነት


ኦገስት 9፣ ዳላስ

እትዬ ዕፀ፣

አዎ። ከጁላይ ጀምሮ አውቃለሁ። ቀለም ያስመረጠኝ ዕለት "መንደር ያለውንም እያሳደስኩት ነው፤ ሁለቱ መንታ ይሆናሉ" አለኝ። ብነግርሽ የቀሩትን ሥዕሎች ትከለክዪኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ሥራው ያስፈልገኛል። ሌላ ሰበብ የለኝም።

ሐሙስ ዕለት ቢሮው ሄጄ ነገርኩት። ስለ ጨዉም ስለ እርጥበቱም ያልሽውን ሁሉ አልኩት። መሐንዲስ ነው፤ ገብቶታል። ከዚያ፣ "ወዳጄ፣ እናትህ የተሰነጠቀ ቤት ውስጥ ብትኖር ስንጥቁ ቅርስ ነው ብለህ ትተወዋለህ?" አለኝ። እናቱ ከዚያ መንደር የወጡት የባላቸውን አስከሬን በልማዳቸው አቃጥለው አመዱን ወንዝ በበተኑ ማግስት ነው። የመንደሩ ስም ዳግመኛ ሲነሳ አዲስ ሆኖ እንዲሰሙት ነው የሚፈልገው። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

"እሳቸውን ጠይቃቸው" አልኩት። ስጦታ ነውና አስቀድሞ አይነገርም አለ። "ፎቶ እናሳያቸው" አልኩት። አያዩም። ዓይናቸው ሊጠፋ ምንም አልቀረውም፤ ጥላና ብርሃን ይለያሉ እንጂ ሥዕል አይለዩም። የሚያዩት በጣታቸው ነው።

ተጨቃጨቅን፤ ጸሐፊዋ በሩን ዘጋችብን። በመጨረሻ ያገኘሁት ይሄ ነው፦ ለሌበር ዴይ፣ ለሠራተኞች በዓል፣ ወርክሾፕ ድረስ ያመጣቸዋል። በሩን ቀለም ሳይነካው፣ ከነስንጥቁ፣ ከነሽራፊው አቆምላቸዋለሁ። ዳስሰው "ይሄ የኛ ነው፤ እንዲሁ ይቆይ" ካሉ መንደር ይደውላል። ካላሉ ሮዝ ይሆናል፣ እዚህም እዚያም፤ እኔም ነገሩን ዳግመኛ ላላነሳበት ቃሌን ሰጥቼዋለሁ።

ሶ፣ ያለን ምስክር ከፎም የተሠራ በር ነው። አንድም ነገር መሳሳት የለበትም። የቀረሽን ሁሉ ላኪልኝ።

ሙሉጌታ


ኦገስት 17፣ ቢሽኑፑር

ሙሌ፣

ረቡዕ የላክሁትን አትመልስልኝ፤ አጥፋው። በተለይ "ነጋዴ" ያልኩህን። አሁንም ተናድጃለሁ፣ ግን ባንተ ላይ ብቻ አይደለም።

አሁን ስማኝ። በግራ በኩል ሦስተኛዋ ዝይ አንገት የላትም፤ ቁረጠው። የታችኛው ጀልባ ቀዛፊ አንድ እጁ እስከ ክርኑ ነው። ከበሩ ጉበን በላይ ያለው ስንጥቅ ትንሽ ጣት ያስገባል፤ በቀለም አትሣለው፣ ክፈተው፤ በጣታቸው ነው የሚያገኙት። የበሩ ደፍ መሐሉ ጎድጉዷል፤ እግር የበላው ነው። ልባሱን ስትጨርስ በብረት ብሩሽ ፈግፍገው፤ ጡብ እንደ ሰሐን አይለሰልስም።

ሴቶቹ አንድ ነገር ነግረውኛል። ሙሽራ ወደ መንደሩ ስትገባ ከባሏ ቤት በፊት መቅደሱ ጋ ታቆማለች፤ ያገቡ ሴቶች በፀጉራቸው ክፋይ የሚያደርጉትን ቀይ ዱቄት በጣቷ ይዛ በሩ ላይ ታስነካለች። ሹሃሲኒም ያደርጉት ይሆናል። "የቱ ጋ ነው የምታስነካው?" ብዬ ጠየቅሁ። ተያዩ፣ ተሳሳቁ፣ ወሬ ቀየሩ። ለእንግዳ አይነገርም መሰለኝ። እኔም አልገፋሁበትም፤ ለልኩ አያስፈልግም።

አውቃለሁ፣ ስለ አባባ ቤት መልስ አልሰጠኸኝም። ከበሩ በኋላ።

ዕፀገነት


ሴፕቴምበር 2፣ ዳላስ

እትዬ ዕፀ፣

አልሆነም።

መጡ። ሐልዳር ቫኑን ደጃፉ ላይ ፓርክ አደረገ። ሸዋረገድም መጥታ ነበር፤ "ጣዖቱን ላይ አይደለም፤ አሮጊቷን በወጉ የሚያነሳ ሰው ስለሌለ ነው" ብላ። አረጋውያንን መንከባከብ ሥራዋ አይደል፤ ብብታቸው ሥር ገብታ ከተሽከርካሪ ወንበሩ እንደ ላባ አነሳቻቸው። በአንድ በኩል እሷ፣ በሌላ በኩል ልጃቸው።

መጀመሪያ ጉብጠቱን ዳሰሱ፤ እጃቸው እስከደረሰ። ከዚያ ዝይዎቹን። አንገት የሌላት ጋ ሲደርሱ አንድ ነገር አሉ፤ ልጃቸው ሳቀ። የፈረንጁን ባርኔጣ ሲነኩ እሳቸውም ሳቁ። ስንጥቁ ውስጥ ጣታቸውን ከተቱ። ጥዑመልሳን በክርኑ ነካ አደረገኝ። አበቃ፣ አገኘነው ብዬ ነበር።

ከዚያ ማንም ሳይመራቸው ወደ በሩ ቀኝ ዞሩ። አውራ ጣታቸውን አነሱ፤ በቀጥታ ሴትዮዋ ፊት ላይ። ቦታውን መፈለግ እንኳ አላስፈለጋቸውም። ነኩት፣ እንደተቃጠለ ሰው እጃቸውን ሰበሰቡ። እንደገና ነኩት። አፍንጫዋን፣ ከንፈሯን። ከዚያ ፊታቸው ተዘጋ። አንድ ነገር ደጋግመው ተናገሩ።

"ምን አሉ?" አልኩት።

"በጣም ያምራል አሉ።"

"ይሄን ብቻ?"

"የሌላ መንደር መቅደስ መስሏቸዋል። አርጅተዋል፣ ሙሉጌታ።" ከዚያ እሱ አንድ ነገር ጠየቃቸው፤ እጃቸውን ወዲያ አወናጨፉ። "እንደፈለግህ አድርግ ነው የሚሉት" አለኝ። "ሮዝ ይሁን።"

ቫኑ ከሄደ በኋላ ሸዋረገድ "ያቺ ሴትዮ አልረሳችም" አለችኝ። "ሰው ሲረሳ አውቃለሁ፤ ቀኑን ሙሉ የምውለው ከሚረሱ ጋር ነው። እሷ የተናደደች ነው የምትመስለው።"

ያሉትን ጆሮዬ እንደያዘው በፊደላችን ጽፌዋለሁ፦ "ኦር ቶ ሙክ ቺሎ ና።" ቋንቋውን አንቺ ታውቂዋለሽ። ሐልዳር ከነገረኝ ሌላ ከሆነ ንገሪኝ። ያው ከሆነም ንገሪኝ፤ አርፌ ልቀባው።

ሙሉጌታ


ሴፕቴምበር 5፣ ቢሽኑፑር

ሙሌ፣

"እሷ እኮ ፊት አልነበራትም" ማለት ነው።

ይህን ጽፌ ተነስቼ ሄድኩ፤ ተመልሼ መጣሁ።

ፊት የላትም። ግድግዳው ላይ ከግንባሯ እስከ አገጯ ልሙጥ ነው፤ እንደ ማንኪያ ሆድ። ዝናብ የበላው መሰለኝ። ሌላ መንደር ያለች፣ በር ገርበብ ያደረገች ሴት ለክቼ አውቃለሁ፤ የእሷን ፊት ወስጄ ሰጠኋት። እንዲህ ያለው በነጠብጣብ መስመር ነው የሚሣለው፣ ግምት መሆኑ እንዲታወቅ። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ እለፈልፋለሁ። እኔ ግን በሙሉ መስመር ሣልኩት። ስለምታምር። ፎቶውን ሳይሆን ሥዕሌን እመን አልኩህ፤ አመንክ።

ትናንት ሞይናዳንጋ ሄጄ ሴቶቹን አልለመንኳቸውም። በቀጥታ ግድግዳው ጋ ሄጄ አውራ ጣቴን ልሙጡ ላይ አኖርኩት። ልክ ገባ።  ከዚያ ኩሬው ዳር ካሉት አንዷ መጥታ "አሁን ገባሽ፣ ዲዲ" አለችኝ። ቀዩ ዱቄት የሚነካው እዚያ ነው። እያንዳንዷ ሙሽራ፣ በአውራ ጣቷ፣ ፊቷ ላይ። "የኔ ፊት እዚህ ቤት ይቆይ፣ ያንቺ ይሂድ" ይላሉ። ፊቷን የበሏት ምራቶቹ ናቸው። የሹሃሲኒም ጣት አለበት። ጠጋ ብለህ ስታይ በጡቡ ቀዳዳ ውስጥ ቀዩ አሁንም አለ። እኔ ቆሻሻ መስሎኝ ነበር።

እነሱ በስሚንቶ ደፈኑ፤ እኔ በእርሳስ ደፈንኩ። ለሰብሳቢው ያንን ሁሉ ሰበክሁት።

የፊት ግድግዳው የቀርከሃ መወጣጫ ቆሟል። በ17 የባለ ሙያዎች በዓል ነው፤ ግንበኞቹ የስሚንቶ ማንኪያቸውንና ቱንቢያቸውን አበባ አልብሰው ይቀመጣሉ፣ መሣሪያ የሚነካ የለም። በ18 ጠዋት ይጀምራሉ። ከበሩ በስተቀኝ።

ከ15 ጀምሮ እዚያው ነኝ፤ ሴቶቹ አልጋ ሰጥተውኛል። ኔትወርክ ያለው ኩሬው ዳር ብቻ ነው።

ብትፈልግ ደውል። አልዘጋም።

ዕፀገነት


ሴፕቴምበር 17፣ ዳላስ

እትዬ ዕፀ፣

ከቀለም መሸጫ ነው የምጽፍልሽ፤ በስልኬ፣ ቆሜ። ስለዚህ ሰላምታው አጭር ነው፦ አለሁ።

ደውል ብለሽኝ አልደወልኩም። ለሐልዳር ግን ደውዬለታለሁ። አንዴ አነሳ። ስለ ፊቷ ነገርኩት። "ለአንድ ፊት ብለህ ነው? ቃል ሰጥተኸኝ ነበር" አለኝ። ሰጥቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ አያነሳም። ዛሬ ጠዋት በቴክስት የቀለሙን ቁጥር ላከልኝ፤ ነገ አንደኛው ልባስ ተቀብቶ ማየት ይፈልጋል።

የበሯን ሴት ፊት ላጠፋው በአሸዋ ወረቀት ሞከርኩ። አልሆነም፤ የተፋቀ እንጂ የተነካ አይመስልም። ጋራዥ ይዣት ሄድኩ። ሸዋረገድ ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ቆማ አየችኝ። "እንዲህ አይደለም" አለች፣ "ሴት እንዲህ አትነካም። አምጣው።" ጭኗ ላይ አስቀምጣ በእርጥብ አውራ ጣቷ ታሸው ጀመር፤ እየደጋገመች፣ ከግንባሯ ወደ አገጯ። ልባሱ ሲለሰልስ ወረቀቱን በስሱ ታስነካዋለች፣ ከዚያ እንደገና በጣቷ። እራት እዚያው በላን። ስትጨርስ "አንተ ጣዖት ሠራህ፣ እኔ ፊቱን አጠፋሁት። ፓስተሩ ከጠየቀኝ የምነግረው አገኘሁ" አለች። ትናንት ደግሞ ከሥራ ስትመለስ ሪቻርድሰን የሕንድ ሱቅ ገብታ ቀዩን ዱቄት ገዝታ መጣች። "ለአሮጊቷ ነው" አለችኝ፣ ሳልጠይቃት። "ለሌላ ለማንም እንዳይመስልህ።"

ጥዑመልሳን ከበሩ ነቅዬ ስወስዳት ዓይቶኛል። "እናትየው ጋ ሄደህ በር ብታንኳኳ ሥራው ቀረ። ከማኅበሩም ማንም ዳግመኛ አይጠራንም" አለኝ። ልክ ነው። "ኦኬ፣ መሄድህ እንደሆነ አይቀርም። ቢያንስ መጀመሪያ ቀለሙን ግዛና አምጣ፤ እኔ ልቀባ፣ አንተ ተባረር።" ስለዚህ ነው እዚህ የቆምኩት። ሻጩ ቆርቆሮውን ቀለም መናጫ ማሽኑ ላይ አስሮታል፤ እየተንቀጠቀጠ ነው። በመስኮት መኪናዬን አያታለሁ። የፎሟ ሴት የፊት ወንበር ላይ ናት፤ ቀበቶ አስሬላታለሁ።

እዚህ ስቆም ነው የገባኝ። ቀለሙን ይዤ ከተመለስኩ እቀባለሁ። ራሴን አውቃለሁ። አንድ ልባስ ብቻ እላለሁ፣ ከዚያ ነገ እሄዳለሁ እላለሁ፤ አንቺ ጋ ግን ሌሊት ነው፣ ሲነጋ 18 ነው፤ ነገ የለም።

ነገሩን ለሐልዳር ዳግመኛ ላላነሳ ነው ቃል የገባሁት። ለእሱ አላነሳም።

ሐልዳር አሁን ቢሮ ነው። እናትየው ጋ ያለችው ተንከባካቢያቸው ብቻ ናት፤ ጊፍቲ ትባላለች፣ የሸዋረገድ የሥራ ጓደኛ ነበረች፤ በሩን እከፍታለሁ ብላለች። ሴትዮዋን ጭናቸው ላይ አስቀምጣለሁ፣ ዱቄቱን እጃቸው ላይ። እኔ ቋንቋቸውን አልችልም። አንቺ ትችያለሽ፤ ከዚያው እደውልልሻለሁ። ሽማግሌውን ከአልጋው ቀስቅሺውና ኩሬው ዳር አምጪው፤ ድምፃቸውን በጆሮዬ ካልሰማሁ ብሎ የለ?

ማሽኑ ቆመ። ሻጩ "ሙሊ! ፒንክ ለሙሊ!" እያለ ይጣራል። ቆርቆሮውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦታል፤ ክዳኑ ላይ ናሙና ጠብ አድርጎበታል፤ በጣም ሮዝ ነው። ሰዎች ዞረው ያዩኛል።

ቆርቆሮውን አላነሳሁም። ወጥቻለሁ፤ መኪናው ጋ ደርሻለሁ።

ስልኩን አንሺ።